የእናት ሆድ ዥንጉርጉር፣ የዮሴፍም ቀሚስ ዥንጉርጉር



ዛሬ በጥያቄ ልጀምር። በእናታችሁ ሳሎን ግድግዳ ላይ የማን ፎቶ ተሰቅሏል? የማንስ አልተሰቀለም? መልሱን ለእኔ መንገር አያስፈልጋችሁም። ጥያቄውን እንዳነበባችሁ ግን ልባችሁን ቆንጠጥ ያደረገ ነገር ካለ፣ ይህ ወር የእናንተ ነው።

እናቴ በሕይወት ሳለች ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከታላቅ እህቴ ጋር ትኖር ነበር። ከቴሌቪዥኑ በላይ የታናሽ ወንድሜ የምረቃ ፎቶ አለ፤ ጥቁር ጋዋን ለብሶ፣ አበባ ታቅፎ፣ ፈገግ ብሎ። ውጭ አገር ከሄደ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሲደውል ቤቱ ጸጥ ይላል። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ይጠፋል፣ የቡናው ወሬ ይቋረጣል፣ እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ልክ እንግዳ እንደገባ፣ ቀና ብላ ትቀመጣለች። «የኔ ጌታ፣ በላህ? ብርዱስ?» ትለዋለች። ስልኩ ሲዘጋ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግና ወደ እህቴ ዞር ብላ «ዛሬ ቡናው ቀጥኗል» ትላለች።

ቡናው ቀጠነ የተባለባት እህቴ፣ ውኃ በፈረቃ ሲጠፋ ጄሪካን ተሸክማ ሦስት ፎቅ የምትወጣ፣ የእማዬን የደም ግፊት መድኃኒት በሰዓቱ የምታቀርብ፣ ሌሊት ስታስል ቀድማ የምትነሳ ናት። በልጅነቷም ትምህርቷን አቋርጣ እኛን ያሳደገችን እሷ ናት። የምረቃ ፎቶ የላትም። ስለዚህ ግድግዳው ላይ የለችም።

እኔስ? እኔ መካከለኛዋ ነኝ። «አንቺማ ለራስሽ ታውቂያለሽ» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ይህ ምርቃት ይሁን መረሳት ለብዙ ዓመት ሳልለየው ኖሬአለሁ።

የዚህ ወር ንባብ

የዚህ አምድ ደንበኞች እንደምታውቁት በየወሩ ከኦሪት አንድ ታሪክ እያነሳን ለቤታችን ኑሮ ምን እንደሚነግረን እናያለን። አይሁድ ኦሪትን በ54 ክፍል ከፍለው በየሰንበቱ እያነበቡ በዓመት ይጨርሱታል፤ በጨረሱበት ቀንም መልሰው ከዓለም መፈጠር ይጀምራሉ። ሰው በየዓመቱ ተለውጦ ስለሚመጣ፣ ያው ታሪክ በየዓመቱ ሌላ ነገር ይነግረዋል።

ለእኛም ኦሪት የሩቅ መጽሐፍ አይደለም። በጎንደርና በዙሪያው የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ኦሪትን በግእዝ፣ በብራና መጽሐፍ ጠብቀው አቆይተዋል። ኦሪታቸው እንደ ኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት በተጨማሪ ኢያሱን፣ መሳፍንትንና ሩትን ይይዛል። በስግድ በዓል፣ ከማስተሰረያ ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን፣ ቄሶቻቸው ጾመው ተራራ ላይ ይወጡና በግእዝ ያነባሉ፤ ሕዝቡ እንዲገባውም ወደ አማርኛ ወይም ወደ ትግርኛ ይተረጉሙለታል። ጎንደር አጠገብ ያለችው አምቦበር በዚህ በዓል ትታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ስግድ በእስራኤል በሕግ የታወቀ ብሔራዊ በዓል ነው።

ስግድ ካለፈ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ የሰንበቱ ንባብ ዮሴፍ ላይ ይደርሳል። ከዘፍጥረት ምዕራፍ 37 እስከ 50 አራት ሰንበት ይፈጃል። ሙስሊም አንባቢዎቻችንም ታሪኩን በደንብ ያውቁታል፤ የቁርአን 12ኛው ምዕራፍ በዩሱፍ ስም የተሰየመ ነው።

ሊቃውንቶቻችን መጽሐፍ ሲተረጉሙ «አንድም» እያሉ በአንዱ ንባብ ላይ ብዙ ፍቺ ይደረድራሉ። እኔ ሊቅ አይደለሁም። ዛሬ የምጨምረው «አንድም» ከቤተሰብ ሥነ ልቦና የመጣ ነው።

ቀሚሱ

ያዕቆብ ዮሴፍን ከሌሎቹ ልጆቹ አብልጦ ይወደዋል። የሚወዳት ሚስቱ የራሔል የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ የተወለደውም በስተርጅናው ነው። መውደዱን በሆዱ አልያዘውም፤ ባለ ብዙ ቀለም ቀሚስ አሰፋለት። ቀሚሱ እጅጌው ረጅም ነበር የሚሉ ተርጓሚዎችም አሉ። ረጅም እጅጌ ለብሶ በግ የሚጠብቅ የለም። ወንድሞቹ ቀሚሱን ባዩ ቁጥር የሚያዩት ጨርቅ አልነበረም፤ አባታቸው በልቡ የያዘውን ዝርዝር ነበር።

ልጆች ፍቅርን በሚታይ ነገር ነው የሚቆጥሩት። እኛ ወላጆች «ሁላችሁም እኩል ናችሁ» እንላለን፤ እነሱ ደግሞ ትልቁ ሥጋ ለማን ደረሰ፣ ስሙ ሲጠራ የእማዬ ድምፅ የሚለሰልሰው ለማን ነው፣ የማን ፎቶ ነው የተሰቀለው እያሉ ይመዘግባሉ። መዝገቡ አይጠፋም። ሃምሳ ዓመት የሞላቸው ሰዎች በሰርግ ላይ «እኔኮ ያኔ ጫማ አልተገዛልኝም» ሲባባሉ አልሰማችሁም?

ያዕቆብን ክፉ አባት ነው ለማለት ግን አትቸኩሉ። እሱ ራሱ የተከፈለ ቤት ልጅ ነው። አባቱ ይስሐቅ ዔሳውን ይወድ ነበር፤ እናቱ ርብቃ ደግሞ እሱን። ያዕቆብ የወንድሙን ልብስ ለብሶ፣ የፍየል ጠቦት ቆዳ እጁ ላይ አድርጎ ዓይነ ስውር አባቱን አታሏል። ከዓመታት በኋላ የራሱ ልጆች የዮሴፍን ቀሚስ በፍየል ደም ነክረው እሱን አታለሉት። ልብስና ፍየል፣ ልብስና ፍየል። ያልታከመ ነገር ከአባት ወደ ልጅ እንዲህ ይተላለፋል። እናንተም ልጃችሁን ስትቆጡ በድንገት የእናታችሁ ቃል ከአፋችሁ ሲወጣ ደንግጣችሁ ይሆናል።

ታዲያ ወላጅ ሁሉንም ልጅ በእኩል ሚዛን ማሳደግ ይችላል? «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» የሚለው ተረታችን የተለያየ ጠባይ ያለው ልጅ ከአንድ ማሕፀን እንደሚወጣ ይነግረናል። ዥንጉርጉር ልጆችን በአንድ ዓይነት እጅ መያዝ አይቻልም፤ አንዱ ታማሚ፣ አንዱ ዓይን አፋር፣ አንዱ እሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 አማንዳ ኮዋልና ሎሪ ክሬመር የተባሉ ተመራማሪዎች ወጣት ልጆችን ስለዚህ ጉዳይ ጠይቀው ያገኙት ነገር ያጽናናል። ልጆቹ ወላጆቻቸው ልዩነት እንደሚያደርጉ ያያሉ፤ ምክንያቱን ሲረዱት ግን አብዛኛውን ጊዜ በደል አድርገው አይቆጥሩትም። ልጅን የሚያቆስለው ምክንያቱ ያልተነገረው ልዩነት ነው። ያዕቆብም ቀሚሱን ሰጠ እንጂ ለአሥሩ ምንም አላላቸውም።

ዝምታው

ወንድሞቹ ከጠሉት በኋላ የሆነውን ኦሪት በአጭሩ ይነግረናል፤ በሰላም ሊያናግሩት አልቻሉም። ጉድጓዱና ሽያጩ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ የጠፋው ሰላምታ ነበር።

ዮሴፍ በ17 ዓመቱ በ20 ብር ተሸጠ። በ30 ዓመቱ በፈርዖን ፊት ቆመ። ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አልፈው ረሃቡ ሁለተኛ ዓመቱን ሲይዝ ከወንድሞቹ ጋር ተገለጠ። ስትደምሩት 22 ዓመት ነው። ከዚህ ውስጥ ዘጠኙን ዓመት በግብፅ ከንጉሡ ቀጥሎ ትልቁ ባለሥልጣን ነበር። መልእክተኛ መላክ አይችልም ነበር? በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ታላቁ የአይሁድ ሊቅ ራምባን ይህንኑ ጠይቋል፤ ከግብፅ እስከ ኬብሮን የጥቂት ቀን መንገድ ሆኖ ሳለ ለአባቱ አንድ ደብዳቤ እንዴት አልጻፈም?

በዘመናችን ከተሰጡት መልሶች አንዱ ልብ ይነካል። ዮሴፍን ወደ ወንድሞቹ የላከው አባቱ ነበር። ምናልባት ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ «አባቴ ያውቅ ይሆን?» ብሎ አስቧል። የበኩር ልጁን ስም እንኳ የአባቱን ቤት መርሳትን በሚያመለክት ቃል ምናሴ አለው። አባትየው በበኩሉ ልጄን አውሬ በላው ብሎ ማቅ ለብሶ ያለቅሳል። ወንድሞቹም የሚያውቁትን ይዘው ዝም ብለዋል። ሦስቱም ወገን በዝምታው ውስጥ የየራሱን ታሪክ ጽፏል፤ ሦስቱም ታሪክ ጎደሎ ነበር።

ይህ ታሪክ ለቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ቅርብ ነው። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በሰለሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጉዘዋል። ከዚያ በኋላም በጎንደርና በአዲስ አበባ ሆነው ለዓመታት ተራቸውን የጠበቁ አሉ፤ እናት እዚያ ልጅ እዚህ፣ አንዱ ወንድም እዚያ ሌላው እዚህ ሆነው። ዮሴፍ ሲነበብ እነሱ የሚሰሙት የራሳቸውን ቤት ወሬ ነው።

የእኛስ ቤት? ዛሬ በጀሞ ብሎኮች ውስጥ ውጭ አገር ሰው የሌለው ቤተሰብ ማግኘት ቀላል አይደለም። በስልክ «ደህና ነን» እንባባላለን። እዚያ ያለው ሁለት ሥራ እየሠራ እንቅልፍ እንዳጣ አይናገርም፤ እዚህ ያለው ወገቡን እንደታመመ አይናገርም። ያልተነገረውን ክፍት ቦታ እያንዳንዳችን በጥርጣሬ እንሞላዋለን። «እሱማ ዶላር አለው።» «እሷማ እቤት ቁጭ ብላ።»

ይሁዳ የተናገረው

አሁን ወደ ታሪኩ ማዞሪያ እንምጣ።

ዮሴፍ ማንነቱን ሳይገልጥ ወንድሞቹን ይፈትናቸዋል። ማዕድ ሲያቀርብ ለታናሹ ለብንያም የአምስት ሰው ድርሻ አደረገለት። ብንያም የእሱ የእናቱ ልጅ ነው፤ አባታቸው ዛሬም አብልጦ የሚወደው እሱን ነው። ቀሚሱ በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። ወንድሞቹ በሉ፣ ጠጡ፣ ማንም አላጉረመረመም። ከዚያም የብር ጽዋው በብንያም ከረጢት ውስጥ ተገኘ ተባለና ብንያም በባርነት እንዲቀር ተፈረደበት። የቀሩት በሰላም ወደ አባታቸው ሂዱ ተባሉ።

የያኔዎቹ ወንድሞች ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር? ተወዳጁን ልጅ ትተው ለመሄድ ከዚህ የተሻለ ሰበብ አይገኝም፤ ጥፋቱ እንኳ የራሱ ነው።

ይሁዳ ግን ቀረበ። «እንሽጠው» የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ይኸው ይሁዳ ነበር። አሁን ስለ አባቱ ይናገራል። በንግግሩ መካከል፣ ብዙ ጊዜ አንብቤው ያለፍኩት አንድ ነገር አለ። ያዕቆብ የተናገረውን ቃል ለዮሴፍ ሲደግምለት፣ አባታችን «ሚስቴ የወለደችልኝ ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው» የሚል መንፈስ ያለው ነገር ነግሮናል ይለዋል። ሁለት ልጆች! ይሁዳ የልያ ልጅ ነው። በአባቱ አፍ እናቱ እንደ ሚስት አልተቆጠረችም፤ እሱና ወንድሞቹም በዚያ ቁጥር ውስጥ የሉም። ይሁዳ ይህን ቃል፣ ከሁሉ የሚያመውን ቃል፣ ሳይሸራርፍ በራሱ አፍ ደገመው። ከዚያም አባቴ ይህን ልጅ ካላየ ይሞታል፤ ስለዚህ በእሱ ፈንታ እኔ ልቅር አለ።

አባቱ አልተለወጠም። ይቅርታ አልጠየቀም። ያዳላው እንዳዳላ ነው። የተለወጠው ይሁዳ ነው።

እንዴት ተለወጠ? ኦሪት ቀጥታ አይነግረንም፤ ነገር ግን በመካከሉ፣ ምዕራፍ 38 ላይ፣ ይሁዳ ሁለት ልጆቹን ቀብሯል። ሦስተኛውንም እንዳያጣ ፈርቶ ነበር። ልጅ ያጣ አባት ምን እንደሚመስል ከውስጥ ያውቃል። አባቱን እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ፈራ ሰው ማየት የጀመረው ያኔ ይመስለኛል። ወላጃችንን «ለምን እኔን አልወደድከኝም?» ብለን መጠየቅ ትተን «ምን ፈርቶ ነበር?» ብለን ስንጠይቅ፣ ከልጅነት መዝገባችን አንድ ገጽ እንገልጣለን።

ዮሴፍ ይህን ሲሰማ ነው ራሱን መቆጣጠር አቅቶት ሰዎቹን ሁሉ ከክፍሉ አስወጥቶ ያለቀሰው።

በዘመናችን የተደረገ ጥናት ወደዚሁ ይጠቁማል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ካርል ፒለመር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ከ1,300 በላይ አሜሪካውያንን ጠይቆ 27 በመቶው ከአንድ የቤተሰብ አባል ጋር ግንኙነት እንዳቋረጡ ገልጿል። ኋላ ላይ የታረቁትን ደግሞ እንዴት እንደታረቁ ጠየቃቸው። ብዙዎቹ የነገሩት ተቀራራቢ ነገር ነው፤ ሌላው ወገን የእነሱን ታሪክ እንዲቀበልላቸው መጠበቁን ተዉት። ያለፈው ሳይስተካከል ወደፊት ለመሄድ ወሰኑ። በደሉ አልነበረም አላሉም፤ ሒሳቡ እስኪዘጋ መጠበቁን ነው የተዉት።

ከአርባው በኋላ

ብዙዎቻችን ታሪኩን በመተቃቀፉ እንጨርሰዋለን። ኦሪት ግን አይጨርስም።

ያዕቆብ ወደ ግብፅ ወርዶ 17 ዓመት ኖረ። ዮሴፍን በልጅነቱ ያሳደገበት ዘመንም 17 ዓመት ነበር፤ ያጣውን ያህል ተመለሰለት። ከዚያ ሞተ። በግብፅ ሥርዓት አስከሬኑን ለማሰናዳት 40 ቀን ፈጀ። ቀብሩ አልቆ ሲመለሱ ወንድሞቹ ፈሩ። አባታችን ከሌለ ዮሴፍ ይበቀለናል ብለው መልእክተኛ ላኩበት፤ አባትህ ከመሞቱ በፊት ይቅር በላቸው ብሏል አሉት። አባቱ ይህን ስለመናገሩ በኦሪት ሌላ ቦታ የተጻፈ ነገር የለም። ዮሴፍም አለቀሰ። አሥራ ሰባት ዓመት አብረው በልተው፣ አብረው ኖረው፣ ያን ጉዳይ በግልጽ አንስተው አልጨረሱትም ነበር።

እማዬ ባለፈው ዓመት አረፈች። ድንኳኑ ብሎኩ ፊት ለፊት መኪና ማቆሚያው ላይ ተተከለ፤ እድርተኛው ተሰበሰበ፤ ወንድሜ ለቀብሩ ደርሶ ከሳምንት በኋላ ተመለሰ። የአርባዋ ዕለት እንግዳው ከተሸኘ በኋላ እህቴ ወጥ ቤት ሲኒ እያጠበች ጀርባዋን ሰጥታኝ እንዲህ አለችኝ።

«ለእሱ ንገሪልኝ። የቤቱን ክፍያ የከፈለው እሱ ነው፤ ይሸጥ ካለ አልከራከርም። እስክዘጋጅ ሁለት ወር ብቻ ይስጠኝ። እማዬም እንዳታስወጣት ብላ ነበር በይልኝ።»

እማዬ እንደዚያ ስትል ሰምቼ አላውቅም።

መልእክቱን ለሦስት ሳምንት ይዤው ቆየሁ። ሥራ በዛብኝ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ግን ቂም ነበረብኝ። አንዷ ክፍያ ቤት ሆና ተጦረች፣ አንዱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ እኔ ደግሞ «ለራስሽ ታውቂያለሽ» ተብዬ እስከ መጨረሻው አስታራቂ ልሁን? እህቴን «ተጦረች» ያልኩት ጄሪካኑን በዓይኔ እያየሁ ነው። መዝገብ ሲያሳውር እንዲህ ነው።

ያን ሰሞን ይህን ምዕራፍ ለአምዱ ሳነብ አፈርኩና ደወልኩለት። ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«እታለም እኔን እንዲህ ነው የምታየኝ?» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «እኔኮ ሁልጊዜ የእማዬ ልጅ እሷ ናት እያልኩ ነው የኖርኩት። እኔ የላክሁት ገንዘብ ነው። አብራት ቡና የጠጣችው እሷ ናት።»

ግድግዳው ላይ ያለው ልጅ ራሱን የቀረ ልጅ አድርጎ ሲያስብ ኖሯል! በኋላ ሳነብ ይህ የእኛ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ። ጂል ሱተርና ካርል ፒለመር እ.ኤ.አ. በ2001 በጀመሩት ጥናት በቦስተን አካባቢ ያሉ አረጋውያን እናቶችን ከልጆቻቸው የትኛው ይበልጥ እንደሚቀርባቸው ጠየቁ፤ ልጆቹንም እናታችሁ የትኛውን ታስቀድማለች ብለው ጠየቁ። ብዙ እናቶች የአንዱን ልጅ ስም ጠርተዋል። ልጆቹ ግን ብዙ ጊዜ የገመቱት ስህተት ነበር። ዕድሜ ልካችንን የተጣላንበት መዝገብ በተሳሳተ ቁጥር የተሞላ ሊሆን ይችላል።

እኛ ምን እናድርግ?

ወላጅ ከሆናችሁ፣ ልዩነት ማድረጋችሁን አትካዱ፤ ምክንያቱን ተናገሩ። «ለእሱ አስጠኚ የቀጠርነው ሒሳብ ስለከበደው ነው፤ አንቺም ሲያስፈልግሽ እናደርጋለን» ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የራቀውን ልጅ ስታወድሱ የቀረበው እየሰማ መሆኑን አስቡ። ዛሬ ማታ ቡናውን ላፈላችው ልጅ ቡናው ጥሩ እንደሆነ ንገሯት።

ቤትና ንብረት ካላችሁም ሐሳባችሁን በጤናችሁ ጊዜ፣ ሁሉም ልጆች ባሉበት ተናገሩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ በሌለበት ለልጆች እኩል ድርሻ ይሰጣል። ሕጉ ቤቱን ለሦስት ሊያካፍል ይችላል። ስምንት ዓመት ጄሪካን የተሸከመ ትከሻንና ስምንት ዓመት ናፍቆት የበላውን ሰው ግን ማካፈል አይችልም። ያንን መናገር የእናንተ ድርሻ ነው።

እህትና ወንድም ከሆናችሁ ደግሞ፣ ወላጃችሁ ሚዛኑን እስኪያስተካክል አትጠብቁ። ምናልባት አያስተካክልም። የወላጅን ስህተት ወንድማችሁ እንዲከፍል አታድርጉት፤ ቀሚሱን ዮሴፍ አልሰፋውም። ለእህታችሁ ደውሉና «አንቺ ዘንድ እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። እሷ ያደገችበት ቤት፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ቢሆንም፣ እናንተ ካደጋችሁበት የተለየ ነው። ከዚያ ሳታቋርጡ ስሙ። የእናንተን ታሪክ ለመናገር ሌላ ቀን አለ።

በደሉ ዱላ ወይም ማስፈራራት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ዮሴፍም ወንድሞቹ መለወጣቸውን ሳያረጋግጥ ራሱን አልገለጠም። ይቅር ማለት አንድ ነገር ነው፤ በሩን ወለል አድርጎ መክፈት ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የምታምኑት ሽማግሌ፣ የንስሐ አባት ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ በመካከል ይግባ።

የእኛ ቤት ጉዳይ ገና አላለቀም። የወራሽነት ማረጋገጫው ወረቀት በሂደት ላይ ነው፤ ቤቱ ይሸጥ ወይስ ይቆይ የሚለውም አልተወሰነም። ሁለት ጊዜ በስልክ ተከራክረናል፤ አንዴም ድምፅ ከፍ ብሏል። ነገር ግን ወንድሜ እሁድ እሁድ አሁንም ይደውላል፤ የሚደውለው ለእህቴ ነው። ባለፈው እሁድ ከሜክሲኮ ታክሲ ይዤ ጀሞ ስደርስ ስልኩ ላይ አገኘኋት። በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ስልኩን ይዛ፣ በአንድ እጇ ጀበናውን እያዘነበለች፣ ስለ ወገቧ ሕመም ትነግረዋለች። በሕይወቴ ለማንም ስትናገረው ሰምቼ አላውቅም።

የምረቃ ፎቶው አሁንም እዚያው ከቴሌቪዥኑ በላይ ነው። እናውርደው ብላት «ተዪው፣ እማዬ የሰቀለችው ነው» አለችኝ። በየቅዳሜው አቧራውን የምትጠርገው እሷ ናት።

ውድ አንባቢያን፣ በሚቀጥለው ወር ከኦሪት ዘጸአት ንግግር የሚከብደውን ሙሴንና ታላቅ ወንድሙን አሮንን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያው፣ ሰላምታ ካቋረጣችሁት ወንድም ወይም እህት ጋር ቢያንስ «ደህና አደርክ»ን፣ «ደህና አደርሽ»ን ጀምሩ። ቸር ሰንብቱ።